ከውኃ ዳር ሁለት ሌሊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ቅዳሜና እሑድን የት ሄደን እንረፍ?» የሚሉ ናቸው። ጠያቂዎቹ በዕድሜም በኑሮም የተለያዩ ቢሆኑም ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ቦታ ነው፤ ውኃ የሚታይበት፣ በእግር ተዞሮ የሚያልቅ፣ ሰኞ ጠዋት ሰውን ከነድካሙ ወደ ሥራው የማይመልስ ትንሽ ከተማ። አገራችን የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተደረደሩት ሐይቆች ይህን ፍላጎት በሚገባ ይመልሳሉ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በእነዚህ ዳርቻዎች ለብዙ ዓመታት የተመላለሰ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የሚገኙት መልሶች በአብዛኛው በዓይን ከታየ ነገር የተነሡ ናቸው። ከውጭ አገር ለጻፉልን ደግሞ በሚኖሩበት አካባቢ ስላለው ዳርቻ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጥር ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ሐዋሳ ሄደን ነበር። ዓርብ ከሰዓት ተነሥተን የደረስነው መሽቶ ሲሆን፣ እሑድ ደግሞ ገና በጠዋቱ ለመመለስ ተነሣን። ሐይቁን ያየነው ቅዳሜ ብቻ ነው። ልጆቹ መኪና ውስጥ አስታወካቸው፣ እናቴም ጉልበቷን አሟት ሰነበተች። ቀረብ ያለና ጸጥ ያለ የውኃ ዳር ከተማ ይጠቁሙን። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ቢሾፍቱ ይለኛል። (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ድካሙን ያመጣባችሁ መንገዱ ይመስለናል። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህን ያህል መንገድ ለአንድ ቅዳሜ ብሎ መጓዝ ልጅና አዛውንት ለያዘ ቤተሰብ ይከብዳል። እኛ በልምድ የደረስንበት መለኪያ፣ ለሁለት ሌሊት የሚኬድበት ከተማ ዓርብ ከምሳ በኋላ ተነሥተው ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚደርሱበት መሆን አለበት የሚል ነው። የመጀመሪያው ምሽት በውኃው ዳር ተቀምጠው ካላለፈ፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የመንገዱን ድካም ሲያወጡ ይውላሉ፤ ማረፍ የሚጀምሩት እሑድ ሲሆን፣ እሑድ ደግሞ የመመለሻ ቀን ነው።

በዚህ መለኪያ ቢሾፍቱን የሚያክል የለም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ስትሆን ሆራ አርሰዲን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱንና የከተማዋን ስም የሚጋራውን የቢሾፍቱን ሐይቅ በአንድ ላይ ይዛለች። ነገር ግን ይኸው ቅርበቷ ጸጥታዋን ወስዶባታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠርጉ፣ ምርቃቱ፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባውና ሙዚቃው በሐይቆቹ ዙሪያ ይሰበሰባል። ከዚህም በላይ የሐይቆቹ ዳርቻ አብዛኛው በሆቴሎችና በመኖሪያ ግቢዎች አጥር ውስጥ የገባ በመሆኑ፣ እናትዎን ክንዳቸውን ይዞ በውኃው ዳር እንደ ልብ መራመድ አይገኝም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ መሄድ የሚችል ሰው ቢሾፍቱን ያገኛታል፤ ለሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ግን እኛ ከልባችን የምንመክራችሁ ባቱን ነው።

ባቱ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ዝዋይ የሚላት ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከቱሉ ዲምቱ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ገብቶ፣ በሞጆ በኩል ወደ መቂና ወደ ባቱ የሚወስደውን አዲሱን የፍጥነት መንገድ መያዝ ይቻላል። ይህ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ቀድሞ ከጋሪ፣ ከባጃጅና ከከብት ጋር ሲጋፉ ይፈጅ የነበረው ሰዓት በጣም አጥሯል። መኪና የሌለው ሰው ከቃሊቲ መናኸሪያ መሳፈር ይችላል። ከተማዋ ደልዳላ ስለሆነች እናትዎ የሚወጡት አቀበት የለም። ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ የሚያደርሰውም በእግር ወይም በባጃጅ የሚያልቅ አጭር መንገድ ነው።

ለምን ባቱን እንደመረጥን ለማስረዳት አንድ ጠዋት ብናሳይዎ ይሻላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ይውረዱ። ሌሊቱን መረባቸውን ጥለው ያደሩት ዓሣ አጥማጆች በዚያ ሰዓት ይመለሳሉ። ሴቶችና ወጣቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሮሶውን በቢላ እየቀረፉ፣ ሆድ ዕቃውን ወደ ጎን ሲወረውሩ፣ ከኋላቸው ሰው የሚያካክሉ አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ይብራዎች በውኃው ላይ እንደ ትንንሽ ጀልባ ይንሳፈፋሉ፤ ከሸንበቆው ውስጥ የዓሣ በል ንስር ድምፅ ይሰማል። ልጆች ይህን እያዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ «እንሂድ» ሳይሉ ይቆማሉ። ከዚያ ሲመለሱ በቢላ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰውን ሙሉ ዓሣ በዳጣና በዳቦ ይበላሉ፤ ኮተሌቱና የዓሣ ዱለቱም በከተማዋ ቤቶች ሁሉ አለ። እናትዎ ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን ዓሣ የማይበሉ ከሆነ፣ ከማዘዝዎ በፊት ቆሮሶ መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ አምባዛም በዚያው ሐይቅ ስለሚሰገርና በኮተሌት መልክ ሲቀርብ ስለማይለይ ነው።

ሐይቁ፣ ደምበል የሚባለው፣ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ9 ሜትር የማያልፍ፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሜትር የሆነ ገር ሐይቅ ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፤ የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። በውስጡ አምስት ደሴቶች ሲኖሩ፣ ከእነዚህም ትልቁ ቱሉ ጉዶ፣ በሌላ ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። በደሴቶቹ የዛይ ሕዝብ የራሱን ቋንቋ እየተናገረ ለብዙ ዘመን ኖሮበታል። በዮዲት ጉዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ወደ ቱሉ ጉዶ መጥታ ነበር የሚለው ትውፊትም እስከ ዛሬ በዚያ ይነገራል። ቱሉ ጉዶ ራቅ ስለሚል፣ ትንንሽ ልጆችን ይዞ ለመሄድ ቀረብ ያለውን ደሴት እንመርጣለን። ጀልባ ሲከራዩ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ጀልባዋን ያናውጣታል። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ሳያዩ አይሳፈሩ፤ ለልጆችዎ ልክ የሚሆን ከሌለ ጉዞውን ይተዉት፤ ከዳር ሆኖ ማየቱም ይበቃል።

ማረፊያ ከመያዝዎ በፊት በስልክ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው ቅዳሜ በግቢው ሠርግ መኖር አለመኖሩን ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ይህን ሳይጠይቅ ክፍል ይዞ፣ ለዕረፍት የወሰዳቸውን አዛውንት አባቱን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ከሙዚቃው ድምፅ ጋር ቁጭ ብለው ሲያድሩ ያየበትን ሌሊት አይረሳውም። ሁለተኛው ክፍሉ ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ወደ አስፋልቱ የሚለው ነው፤ አልጋው ያው ሆኖ እንቅልፉ ይለያያል። ሦስተኛው አጎበር አለ ወይ የሚለው ሲሆን፣ ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ወባ አለባት። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ለልጆችና ለአዛውንት አጎበር የግድ ነው፤ ከሌላቸው የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን የመንገዱን ጸጥታም ከሆቴሉ ሰው መጠየቅ ይገባል፤ ጉዞው በቀን ብቻ ይሁን። ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ፣ ከጨለመ በኋላ በሸንበቆው ዳር መንሸራሸርም አይፈቀድ።

ጥርን ለባቱ ከመረጣችሁ ከጥር 10 እስከ 12 ያለውን ቀን አስቀድማችሁ አስቡበት። ታቦታቱ በጀልባ በሐይቁ ላይ የሚጓዙበት የባቱ ጥምቀት እጅግ የሚያምር በዓል ነው፤ ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ባዶ አልጋ አይገኝም። በዓሉን ለማየት ሂዱ፤ ለማረፍ ግን ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ሐይቅ ዳር ሄጄ ሳልዋኝ መመለስ አልችልም። አንዱ ቢልሃርዚያ ያስፈራራኛል፣ ሌላው ምንም አይልህም ይለኛል። የትኛው ሐይቅ ይዋኝበታል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለመዋኛ ላንጋኖን ይምረጡ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከአዳማ ለሚነሣ ሰው ይቀርባል። የውኃው ቀለም ቡናማ ስለሆነ ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይሸሸዋል፤ ቀለሙን የሰጠው ግን በውኃው ውስጥ የማይዘቅጠው ደቃቅ ሸክላ አፈር ነው። ፎጣዎ ላይ ትንሽ ቀለም ይተዋል እንጂ ገላን አይጎዳም። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ ጨዋማነቱና ድፍርስነቱ በሽታውን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አይመቸውም ተብሎ ይታመናል።

ደብዳቤዎ ውስጥ ያለው «ምንም አይልህም» የሚለው ቃል ስላሳሰበን፣ ስለ ቢልሃርዚያ ጥቂት እንጨምር። ተውሳኩ በጣፋጭ ውኃ ዳር፣ ሣርና ሸንበቆ በሚበዛበት ጥልቀት የሌለው ቦታ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ በዓይን በማይታይ መጠን በውኃው ውስጥ እየዋኘ፣ ቁስል እንኳ የሌለበትን የሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ መዋኘት ብቻ ሳይሆን እግርን ነክሮ መቆምም ያስይዛል። በደምበልና በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻዎች በሽታው እንዳለ የታወቀ ነው። እዚያ ገብተው ከነበረ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደው ቢመረመሩ ጥሩ ነው፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በሽታውን ይፈውሳል። ሳይታወቅ ለዓመታት የቆየ ቢልሃርዚያ ግን አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ አደጋቸው ሌላ ነው። እሳተ ገሞራ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ በመሆናቸው ዳራቸው እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር ያህል ጥልቀት አላቸው። ከዳር ሁለት እርምጃ የሄደ ሰው መሬት የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዋና የማይችል ሰው በባቦጋያ «እግሬን ብቻ ልንከር» ማለቱን በጽኑ እንቃወማለን። በላንጋኖ ዳርቻው ለዘብ እያለ ስለሚገባ ለጀማሪ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ጠጥቶ መዋኘትና ብቻን መዋኘት በየትኛውም ሐይቅ መወገድ አለበት።

አንድ ነገር ግን እናስታውስዎ። ላንጋኖ ከተማ አይደለም፤ በዳርቻው ያሉት የተራራቁ ማረፊያዎች ናቸው። ገበያ ወጥቶ ቡና የሚጠጣበት ሰፈር የሚሻ ሰው ይሰለቸዋል። ምዕራቡ ዳርቻ ለዋናው መንገድ ቅርብ ሲሆን ሰው ይበዛበታል፤ ምሥራቁ ደን ያለበትና ጸጥ ያለ ነው። ሁለተኛውን ቀን ሳይዋኙ ማሳለፍ ከፈለጉ የአቢጃታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ ዳሩ ላይ ፍል ውኃ የሚፈላበት ሐይቅ ነው። አቢጃታ ግን ውኃው ለፋብሪካ ሲሳብ፣ የሚመግቡት ወንዞችም ለመስኖ ሲጠለፉ፣ ዳርቻው ዓመት ከዓመት ወደ ውስጥ እየሸሸ ሄዷል። ቀድሞ ውኃ የነበረበት ሰፊ ነጭ ሜዳ ላይ ቆሞ የራቀውን ሐይቅ ማየት ያሳዝናል፤ ቢሆንም ሊታይ ይገባዋል እንላለን።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን አራት ዓመታችን ነው። በወጣትነታችን የተጫጨነው ሐዋሳ ነበርና እንደገና ልናያት እንፈልጋለን። የዛሬዋ ሐዋሳ ለሽማግሌ ትሆናለች ወይ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አባታችን፣ ሐዋሳ እናንተ የምታውቋት ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ ዛሬ የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነች ትልቅ ከተማ ናት። ነገር ግን ቀጠሮ የሌለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ማክሰኞ ገብታችሁ ዓርብ ውጡ። የሳምንቱ መካከል ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ያለው መንገድ ጠዋት ጠዋት ለእናንተ ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ደልዳላ ነው፣ ጥላ አለው፣ መቀመጫም አለው። መንገዱ የሚያደክማችሁ ከሆነ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው።

አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያም በጠዋቱ ጎራ በሉ። እዚያ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላ ብዙ ሰው ታያላችሁ፤ ለእናንተ ዕድሜ ግን የበሰለውን እንመርጣለን፤ በጥሬ ዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚኖር ተውሳክ አለና። በዳርቻው ዛፎች ላይ ጉሬዛና ጦጣ ስለማይጠፋ፣ ባለቤትዎ የያዙትን ሙዝ በቦርሳቸው ውስጥ ያድርጉት፤ ጦጣው ከእጅ ላይ ነጥቆ ሲሮጥ አዛውንት ሰው ደንግጦ ሊወድቅ ይችላል። ታቦር ተራራ ላይ ለመውጣት ካሰባችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ይሁን፤ ከላይ ሆኖ ከተማውና ሐይቁ በአንድነት ይታያሉ፤ በእናንተ ጊዜ የነበረውንና ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ለመለየትም ከዚያ የሚሻል ቦታ የለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር ልትቆይ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። አንድ ቅዳሜና እሑድ አስፈቅጃለሁ። ኦሽን ሲቲ ልውሰዳት ብል ጓደኞቼ ትደክማለች አሉኝ።

መልስ፦ ጓደኞችዎ ትክክል ናቸው። ወደ ኦሽን ሲቲም ሆነ ወደ ሌላዋ የውቅያኖስ ዳር ከተማ ወደ ሪሆቦት የሚወስደው የተለመደው መንገድ የቼሳፒክን የባሕር ወሽመጥ በሚሻገረው ረጅም ድልድይ ላይ ያልፋል። በበጋ ዓርብ ከሰዓት ወደዚያ፣ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ወደዚህ የሚመለሰው መኪና ድልድዩ ላይ ተሰልፎ ይቆማል። እናትዎን በመጀመሪያው የባሕር ጉዟቸው እዚያ ሰልፍ ውስጥ ባያስቀምጧቸው ይሻላል።

ድልድዩን ሳይሻገሩ፣ በወሽመጡ ምዕራባዊ ዳር ኖርዝ ቢችና ቼሳፒክ ቢች የሚባሉ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ ከዋሽንግተን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቼሳፒክ ቢች በ1900 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን በሚመጣ ባቡር የተከፈተች የመዝናኛ ከተማ ነበረች፤ ባቡሩ በ1935 ቢቆምም ጣቢያው ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። በኖርዝ ቢች ደግሞ በውኃው ዳር ለዳር የተዘረጋ የእንጨት መንገድ አለ፤ እናትዎ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሲደክማቸው ወንበር ላይ እያረፉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊሄዱበት የሚችሉት ነው። ወደ አሸዋው ለመግባት የከተማው ነዋሪ ያልሆነ ሰው ይከፍላል። በአካባቢው ለነዋሪ ብቻ የተከለለ ዳርቻም ስላለ፣ ከመሄድዎ በፊት የከተማውን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

ውኃው የወሽመጥ ውኃ ስለሆነ እንደ ውቅያኖስ ማዕበሉ አይገፋም፤ ለአዛውንት እግራቸውን ለመንከር ይመቻል። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ግን ጄሊፊሽ የሚባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ስለሚበዛ፣ ቢቻል ሰኔ ላይ ይሁን። ምግብ በተመለከተ የአካባቢው ኩራት ሸርጣን ነው፤ በየጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ ያዩታል። እናትዎ ሸርጣን የማይበሉ ከሆነ፣ ሌላው ሰው በመዶሻ ሲሰብረው ማየቱም ሊያስከፋቸው ስለሚችል፣ ከቤት ሽሮና እንጀራ ቋጥረው፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዘው በውኃው ዳር ቢያቀርቡላቸው ከማንኛውም ምግብ ቤት ይበልጣል።

እግርዎ ጠንካራ ከሆነና እናትዎን የሚያጫውት ሰው ካገኙ፣ ወደ ደቡብ ወርደው የካልቨርት ገደሎች ፓርክን ይዩ። 3 ኪሎ ሜትር ያህል በጫካ ውስጥ ተጉዘው በሚደርሱበት ዳርቻ፣ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖሩ የሻርክ ጥርሶች ከአሸዋው ላይ ይለቀማሉ። በገደሉ ሥር መቆም ግን የተከለከለ ነው፤ አፈሩ ይናዳል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ አጥጋቢ አይደለም፤ ትክክለኛ ባሕር ማየት እፈልጋለሁ። ከአዲስ አበባ በሳምንት መጨረሻ የሚደረስበት የባሕር ዳር ትንሽ ከተማ አለ? (የባንክ ሠራተኛ)

መልስ፦ በሁለት ቀን አይሆንም፤ የበዓል ቀን ተጨምሮበት አራት ቀን ካገኙ ግን አለ። በጅቡቲ፣ ከዋናው ከተማ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በነጫጭ መስጊዶቿ የምትታወቀው ታጁራ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ሰማያዊ ውኃ ያላት ጥንታዊ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ወደዚያ ከጅቡቲ በመርከብ ወይም ባሕረ ሰላጤውን በሚዞረው መንገድ ይኬዳል። የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር 752 ኪሎ ሜትሩን ሲጓዝ ሙሉ ቀን ስለሚወስድ፣ ጊዜ ያጠረው ሰው በአውሮፕላን ይሂድ። ቪዛ ያስፈልጋል። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ሙቀት ለደጋ ሰው የሚቻል አይደለም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን አየሩ ደስ ይላል፤ ሰው የማይተናኮለው ግዙፉ ሻርክም በዚያ ወቅት ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል። ዓርብ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን በመሆኑ የሚያስፈልግዎን የቢሮ ጉዳይ ሐሙስ ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ ከተማሪዎቼ ጋር ባቱ ሄደን በሐይቁ ዳር ትልቅ፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ አይተን ነበር። ተማሪዎቼ «እግሩ ለምን ነጭ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አጣሁ። (መምህርት፣ ከመቂ)

መልስ፦ ያያችሁት አባ ኮዳን ነው። ቁሞ ሲለካ እስከ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ከሩብ በላይ የሚሆን ወፍ ነው። ብዙ ሰው አንገቱ ላይ ያለውን ከረጢት የምግብ ማስቀመጫ ያደርገዋል፤ ነገር ግን አየር የሚሞላ ነው እንጂ ምግብ አይገባበትም። እግሩ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ፀሐይ ስትበረታበት ኩሱን በእግሩ ላይ ይለቃል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ገላውን ያቀዘቅዝለታል፣ ነጩም ኖራ መሳይ ነገር እዚያው ይቀራል። ጠዋት በብርዱ ከሄዳችሁ እግሩ ጠቁሮ፣ ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ነጥቶ ልታዩት ስለምትችሉ፣ ለሚቀጥለው ጉዟችሁ ተማሪዎቹ በሁለቱም ሰዓት አይተው እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ መልካም ትምህርት ይሆናል። የዓሣ ሆድ ዕቃ በእጃቸው እንዲያጎርሱት ግን አይፍቀዱላቸው፤ ምንቃሩ ረጅምና ኃይለኛ ነው፤ እጅን ከምግብ አይለይም።